ዛሬ ደግሞ ምን ላውራችሁ?

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ዝናቡ አላባራም፤ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። መንታ ልጆቼ ሁለቱም ነቅተው ምንጣፉ ላይ ተጋድመዋል። ሰባተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ማሙሽ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ይጎትታል። ሚጣ እኔን ታየኛለች። እንዲህ ትክ ብላ ስታየኝ ወሬ የምትጠብቅ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ላይ ይህ አስተያየቷ ያስጨንቀኝ ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ድምፄ እስኪዘጋ ሳወራ ነው የምውለው። የወሊድ ፈቃድ በሕጉ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው። የኔዎቹ መንታ ስለሆኑ ያለ ደመወዝ ጨምሬ ቤት ቀረሁ። ከዚያ አፌ ተያዘ። «የኔ ቆንጆ፣ አንበሳዬ» ካልኩ በኋላ ወሬ ያልቅብኛል። አንዳንድ ቀን ማታ ባለቤቴን «እንዴት ዋልክ?» ስለው፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ያወራሁት ይህችን ብቻ መሆኗ ትዝ ይለኝ ነበር።

ብቸኝነት ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ልጅ የታቀፈች ሴት «ብቻዬን ነኝ» ብትል ማን ይሰማታል? «እግዜር ሁለት ሰጥቶሽ!» ነው የሚሏት።

አፌን የፈታልኝ ቡና ነው። ከሰሉን ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ነው የማቀጣጥለው፤ ጢሱ ለነሱ ሳንባ አይሆንም። እነሱን ከበሩ ወዲህ፣ እኔን ከሚያዩበት ቦታ አስተኛኋቸው። ቡናውን እያጠብኩ ሳላስበው መናገር ጀመርኩ። «ይኸው፣ አሁን አረንጓዴ ነው። ውሃው ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ምጣዱ ላይ ላድርገው? ሽሽሽ አለ፣ ሰማችሁ?» እያማሰልኩ ቀጠልኩ። ፍሬው ገረጣ፣ ቢጫ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ። የመጀመሪያዋ ፍሬ ጣ! ስትል ማሙሽ እግሩን ለቀቀ። እኔም ማማሰሌን ተውኩ። «ጣ! አለች አይደል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አልኩ። ሚጣ ከንፈሯን አሞጠሞጠች፣ ትንሽ ታገለች፣ ከዚያ «እግ» አለች።

መለሰችልኝ። እውነቴን ነው፣ ምጣዱን ትቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ትልቁ ነገር ዝም ማለቱ መሆኑ ነው። ተማሪዬን ጠይቄው ጊዜ ሳልሰጠው መልሱን ብነግረው ምን አስተማርኩት? ሕፃንም እንደዚያው ነው። የሚመልስበት ጊዜ ይፈልጋል፤ የሱ ጊዜ ደግሞ ከኛ ይረዝማል። አሁን ጠይቄ እጠብቃለሁ። በእጃቸው ይመልሳሉ፣ በእግራቸው ይመልሳሉ፣ አንዳንዴ በዓይናቸው ብቻ።

ወሬውስ? ወሬው እጄ ላይ ነው። ዳይፐር ስቀይር ስለ ዳይፐሩ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ስለ ሽንኩርቱ። ልብስ ሳጥፍ «ይህ የማነው? የአባባ ነው!» እላለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጅሬን ኮረብታ አዙሬ አቅፋቸዋለሁ። እዚያ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። «አንድ ንጉሥ ነበሩ፤ ቤታቸውን በእንጨት አሳምረው አሠሩ» ብዬ እነግራቸዋለሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 መንገሣቸውን ሲያድጉ እነግራቸዋለሁ። ለአሁኑ ማሙሽን የሚያስደስተው ሽቅብ የሚያቃስተው ባጃጅ ነው።

ጎረቤታችን እማማ ከሰዓት በኋላ ብቅ ይላሉ። ለልጆቹ አናት የሚሆን ቅቤ በትንሽ ብርጭቆ ይዘው ይመጣሉ። «ዸዻ» ይሏቸዋል፣ ጣታቸውን ነክረው እያሳዩ። እኔ «ቅቤ» እላለሁ። ድመቷ ስታልፍ እሳቸው «አዱሬ»፣ እኔ «ድመት»። ልጆቹ አንዴ ወደሳቸው፣ አንዴ ወደኔ ይዞራሉ። ያ «ዸ» የሚለው ድምፅ ለኔ ምላስ ዛሬም አይገራም፤ ጅማ ስኖር ስንት ዓመቴ! ሕፃናት ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት የየትኛውንም ቋንቋ ድምፅ መለየት ይችላሉ። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ጆሯቸው ወደሚሰሙት ቋንቋ ያደላል። ስለዚህ እማማን «ኦሮምኛውን አይተዉባቸው» እላቸዋለሁ። «እሺ ልጄ» ይላሉ። ደስ ሲላቸው ያስታውቃል።

ዝም የምንልበትም ቀን አለ። ሌሊት ተራ በተራ ሲያነቁኝ አድረው ጠዋት ቃል አይወጣኝም። በፊት ጸጸት ይበላኝ ነበር። አሁን ሚጣ ራሷ አስተምራኛለች፤ ወሬው ሲበዛባት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በቃኝ ማለቷ ነው። ያኔ ዝም ብለን ተቃቅፈን እንቀመጣለን። ድምፄን እንደሆነ ሆዴ ውስጥ ሳሉ ጀምሮ ያውቁታል።

ዝናቡ እየበረታ ነው። «ስሙት፣ ዝናቡ ምን ይላል?» አልኳቸው አሁን። ጠበቅኩ። ማሙሽ ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ «ባባባባ» አለ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አልኩት።