ሦስተኛው ደብተር አለቀ፦ ሳፓታን ከአዲስ አበባ ሆኜ ሳጠና

ስምንት ወር ሞላኝ። አንድ ሩቅ ቦታ ልምረጥና ተፈጥሮውንም ታሪኩንም እስኪወጣልኝ ላጥና ብዬ ነበር የተነሳሁት። የመረጥኩት ደቡብ ኩባ ያለውን የሳፓታ ረግረግ ነው። በካሪቢያን ደሴቶች ካሉት ረግረጎች ሁሉ ትልቁ ነው። ሄጄበት አላውቅም፤ ለቲኬቱ የሚሆን ብርም የለኝም። ያለኝ ስልክ፣ ደብተርና አንድ ጎረቤት ነው።

ጎረቤቴ ጋሼ ከኢትዮ ኩባዎቹ አንዱ ናቸው። በደርግ ጊዜ ልጅ ሆነው ተልከው በወጣቶች ደሴት ነው የተማሩት። እዚያ ደሴት ላይም ላኒየር የሚባል ረግረግ አለ። «አዞ አለ እያሉ ያስፈራሩን ነበር፤ እኔ ግን አንድም ቀን አላየሁም» ይላሉ። የስፓኒሽ ንባቤን የሚያርሙልኝ እሳቸው ናቸው። «ዛፓታ» ስል ተቆጡኝ። ኩባ ውስጥ «ሳፓታ» ነው የሚባለው።

የመጀመሪያውን ወር በካርታ ጨረስኩት። የሳተላይት ምስል እያየሁ በእጄ ሦስት ጊዜ ሳልኩት። ሦስተኛው ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ በቀዳዳ የተሞላ የኖራ ድንጋይ አለ። ውሃው ከላይ ቀስ ብሎ ይንሸራሸራል፣ ከታች ዋሻ ለዋሻ ይሄዳል። የዓሦች ዋሻ የሚሉት ጉድጓድ ወደ 70 ሜትር ይጠልቃል፤ በመሬት ውስጥም ከባሕሩ ጋር ይገናኛል። ይህን ሳላውቅ ወፎቹን ብጀምር ኖሮ ሁሉም ነገር ይምታታብኝ ነበር። ለጀማሪ የምመክረውም ይሄንኑ ነው፤ መጀመሪያ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ እዩ።

ታሪኩን የማውቀው መስሎኝ ነበር። የአሳማዎች ወሽመጥ ወረራ ሲባል ያልሰማ የለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1961፣ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ያሠለጠናቸው 1,400 ያህል ስደተኛ ኩባውያን የካስትሮን መንግሥት ሊጥሉ በዚሁ ረግረግ ዳር ባሉት ፕላያ ላርጋና ፕላያ ሂሮን በሚባሉ የባሕር ዳርቻዎች ላይ ወረዱ። ከሦስት ቀን በላይ አልቆዩም። ከ1,100 በላይ የሚሆኑት ተማረኩ። ካርታውን ከሳልኩ በኋላ ግን ይሄ ታሪክ ሌላ ሆነብኝ። መጀመሪያ የታሰበው እዚያው ኩባ ውስጥ ትሪኒዳድ በምትባል ከተማ አጠገብ ሊወርዱ ነበር። እዚያ ነገሩ ቢበላሽ ወደ ኤስካምብራይ ተራራ ሸሽቶ ሽምቅ መዋጋት ይቻላል። ቦታው ወደ ሳፓታ ሲቀየር ያ መሸሻ ቀረ። በእነሱና በተራራው መካከል ረግረጉ ተጋደመ። ረግረጉን አቋርጠው የሚያስወጡት መንገዶችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መንገዱን የያዘ ሁሉንም ያዘ። እኔ እንኳን በእርሳስ ስስል መውጫው ጠፍቶኝ ነበር።

በነገራችን ላይ በወሽመጡ የስፓኒሽ ስም ውስጥ ያለው «ኮቺኖ» አሳማ ማለት ብቻ አይደለም። እዚያ ባሕር ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ ዓሣ አለ፤ የወሽመጡ ስም ከእሱ መጣ የሚሉ ብዙ ናቸው። ጋሼ በዚህ አልተስማሙም። «አሳማ ነው!» አሉና ዘጉት።

ከጦርነቱ ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን የከሰል አክሳዮቹ ኑሮ ነው። ከአብዮቱ በፊት የሳፓታ ሰው መንገድም ሐኪምም አልነበረውም፤ እንጨት ቆርጦ፣ ከምሮ፣ በሣርና በአፈር ሸፍኖ፣ ነበልባል እንዳያወጣ ሌት ተቀን እየጠበቀ ያከስላል። ልክ እንደኛው አገር። ፊደል ካስትሮ እ.ኤ.አ. የ1959ን የገና ዋዜማ ሶፕሊያር በሚባል መንደር ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው ያመሸው። ዛሬ ኩባ ውስጥ ለከሰል በብዛት የሚቆረጠው ማራቡ የሚሉት እሾኻም ዛፍ ነው። አገሩ አፍሪካ ነው፤ በእኛም ቆላ ይበቅላል። እዚያ ሄዶ የእርሻ መሬት የሚወርር አረም ሆነ።

ወፎቹ ላይ ብዙ ለፋሁ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፈርሚን ሰርቬራ የሚባል ስፔናዊ የነፍሳት ተመራማሪ ሳንቶ ቶማስ መንደር አካባቢ ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ሦስት ወፎች አገኘ። ስማቸውን ያወጣላቸው አሜሪካዊው የእንስሳት ተመራማሪ ቶማስ ባርበር ነው፤ ሁለቱን ከባልደረባው ጋር ሆኖ። አንዷን ድንቢጥ የምታህል ቡናማ ወፍ «ፈርሚኒያ ሰርቬራይ» አላት፤ የሰውየውን ስም ከነአባቱ እንዳለ ሰጣት ማለት ነው! ድምጿን በየቀኑ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። ለመለየት አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁለት ግራም ገደማ የምትመዝነው የዓለም ትንሿ ወፍም እዚያው ረግረግ ጫካ ውስጥ አለች። እሷን ግን ሁሉም ስለሚያወራላት አልፌአታለሁ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። ሁለት ወር ሙሉ «ክላሪያ» የሚባል መጤ ዓሣ በደብተሬ እየረገምኩ ነበር። ኩባ በምግብ እጥረት ዘመን ለእርባታ አስገባችው፤ ከኩሬ አምልጦ ወደ ዱር ውሃ ገባ። አየር ስለሚተነፍስ በእርጥብ መሬት እየተሳበ ከኩሬ ኩሬ ይሻገራል። ያገኘውን ይበላል። ማንሁዋሪ የሚባለው፣ አፉ አዞ የሚመስል የኩባ ጥንታዊ ዓሣ ላይም ስጋት ሆኗል። አንድ ቀን ምን ይመስላል ብዬ ፎቶውን ከፈትኩ። አምባዛ ነው! ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ በሎሚና በዳጣ የምበላው የራሳችን አምባዛ። እዚህ በቤቱ ነው፤ ማንም አይከሰውም። እዚያ ወራሪ ነው። ለጋሼ ሮጬ ሄጄ አሳየኋቸው። አይተው አይተው፣ «ታዲያ ለምን አይበሉትም?» አሉኝ። ይበሉታል፤ አልጨረሱትም እንጂ።

አራተኛውን ደብተር ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሸርጣን» ብዬ ጽፌያለሁ። በጸደይ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የየብስ ሸርጣኖች ከጫካ ወጥተው እንቁላላቸውን ባሕር ሊያፈሱ አስፋልቱን ያቋርጣሉ፤ መንገዱ ቀይ ይሆናል፤ የመኪና ጎማም ይበሳሉ አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ማንግሮቭ ነው። እዚህ ላይ እርዱኝ። እስካሁን «ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ደብተሬን ጨረሰብኝ። አሰብ ወይም ምጽዋ የኖረ ዘመድ ያላችሁ እስኪ ጠይቁልኝ፤ እዚያም ዳርቻው ላይ ይበቅላልና፣ ምን ብለው ይጠሩት ነበር?