የገና ሰላምታ ከፕራግ፣ ዘንድሮ ትንሽ መረር ብሎ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. የብርሃነ ልደቱ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! አዲስ አበባም ሁኑ ዋሽንግተን፣ ቤሩትም ሁኑ ቴል አቪቭ፣ ዶሮው ይጣፍጥላችሁ፤ በዓሉን በሥራ ገበታ ለምታሳልፉትም ቀኑ አይክበዳችሁ።

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ስለ ፕራግ ደግ ደጉን ስጽፍላችሁ ኖሬያለሁ። ቼክ ሲባል ብዙዎቻችሁ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ ካሣ ጦር ጋር የነበረው የ“ሐበሻ ጀብዱ” ደራሲ አዶልፍ ፓርለሳክ ትዝ እንደሚላችሁ ስለማውቅ፣ የወዳጅ አገር ወሬ መስሎኝ ደስ እያለኝ ነበር የምጽፈው። ከገና ዋዜማ በፊት በየመንገዱ ዳር ከነሕይወቱ ስለሚሸጠው ካርፕ ስንት ጊዜ አወራኋችሁ! የጎማ ሽርጥ የታጠቀው ሻጭ ዓሣውን ከገንዳው በመረብ አውጥቶ ሚዛን ላይ ሲጥለው፣ ዓሣው ሲፈራገጥ፣ ገዢው እዚሁ ይታረድልህ ወይስ ከነነፍሱ ትወስደዋለህ ተብሎ ሲጠየቅ። ቅርፊቱን በቦርሳው የያዘ ሰው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አያጣም ይላሉ። (እኔ ይዤ አይቻለሁ፤ ሽታው ብቻ ነው የተረፈኝ።) የዘንድሮው ወሬዬ ግን ስለ ወረፋው ነው።

ከፊቴ የቆሙት ጎረቤቴ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1989 በቫስላቭ አደባባይ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ የኮሚኒስቱን አገዛዝ ከሸኙት ሰዎች አንዱ ናቸው። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ደግሞ ከካርኪቭ የሸሸች እናትን ከነልጇ ቤታቸው አስጠጉ። በዚያ ዓመት ቼኮች ከሕዝባቸው ብዛት አንጻር ዩክሬናውያንን በመቀበል ከአውሮፓ ግንባር ቀደም ነበሩ፤ ይህን ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም። እኒሁ ሰው ናቸው እንግዲህ፣ “በቃን! ለእኛ ለጡረተኞች የጠፋ ገንዘብ ለእነሱ ከየት ይመጣል?” ያሉኝ። ከዚያ ፊቴን አዩና ትከሻዬን ቸብ አድርገው፣ “አንተን ማለቴ አይደለም፤ አንተማ የእኛው ነህ” አሉ።

ያልተዋጠችልኝ ይህች ማባበያ ናት። ለስድብማ መልስ አይጠፋም። ይህኛው ግን በደግነት የተሰጠኝ ይለፍ ነው፤ የሰጡኝ ሰዎች ስሜታቸው በተለወጠ ቀን መልሰው ይነጥቁኛል።

ነገሩ ድንገት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 ብረዝላቭ በተባለች የድንበር ከተማ ፖሊሶች ከባቡር ያወረዷቸውን ስደተኞች ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ሲጽፉ ታዩ፤ በዚያ ምድር፣ ናዚዎች በአይሁድ እስረኞች ክንድ ላይ ቁጥር በነቀሱበት በዚያ ታሪክ ላይ! የአውሮፓ ኅብረት ስደተኞችን ለአባል አገሮች ሲያከፋፍል ቼክ የተቀበለችው 12 ሰው ብቻ ነው። ከነሐሴ 1968ቱ የሶቪየት ወረራ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቼኮችና ስሎቫኮች ወደ ምዕራብ ተሰድደው መጠጊያ ማግኘታቸውን ግን በትምህርት ቤት ሁሉም ተምሮታል።

በ2024 ደግሞ ስደተኞችን አጥብቆ የሚቃወመው የፖለቲከኛው የቶሚዮ ኦካሙራ ፓርቲ የምርጫ ፖስተር ወጣ። ደም የነካው ሸሚዝ የለበሰና ቢላ የያዘ ጥቁር ሰው ሥዕል ነው፤ በኮምፒውተር የተፈበረከ። ከጎኑ ያለው ጽሑፍ የጤና አገልግሎቱን ችግር ከውጭ የሚመጡ “ቀዶ ሐኪሞች” አይፈቱትም ይላል። እዚህ አገር ሕክምና ተምረው ነጭ ጋዋን የለበሱ የአፍሪካ ልጆች በዚያ ፖስተር ሥር አልፈው ሥራ ይገቡ ነበር።

ኦካሙራ ራሳቸው ቶኪዮ ውስጥ የተወለዱ፣ አባታቸው ከጃፓን የሆኑ ሰው ናቸው። ልብ ወለድ ጽፌ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ባስገባ አጋነንክ ትሉኝ ነበር። በጥቅምት 2025ቱ ምርጫ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የአንድሬይ ባቢሽ ፓርቲ አሸነፈ፤ ኦካሙራም ከእሱ ጋር ተጣምረው የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆኑና ወዲያው የዩክሬንን ባንዲራ ከሕንፃው አስወረዱ። የተቃዋሚ ፓርቲዎች በየቢሯቸው መስኮት መልሰው ሰቀሉት።

አገሩ ሁሉ ጠላን እንዳትሉብኝ። የኦካሙራ ፓርቲ ያገኘው ድምፅ 8 በመቶ አይሞላም። ተስፋ ያስቆረጠኝ የስምንቱ ጩኸት ሳይሆን የቀሩት ትከሻ መነቅነቅ ነው። ሰዎቹን ያስከፋቸው ነገር እውነት መሆኑንም አልክድም፤ በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ15 በመቶ በላይ ነበር፣ ፕራግ ውስጥ ቤት መግዛት ለወጣት የማይታሰብ ሆኗል። ብሶቱ ግን አድራሻ ስቷል። ከዩክሬናውያኑ የሚሰበሰበው ግብርና መዋጮ ለእርዳታ ከሚወጣው እንደሚበልጥ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በየጊዜው አስታውቋል። ይህንኑ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ አዳመጡኝ፤ አላመኑኝም።

ደግሞ እኛም ጻድቃን አይደለንም። አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ ሲንር ኤርትራዊው ተከራይ ላይ ጣት የቀሰርን ስንቶቻችን ነን?

“ታዲያ ለምን አትወጣም?” የምትሉኝ አላችሁ። አልወጣም፤ እንዲያውም የዜግነት ማመልከቻዬን እየሞላሁ ነው። ቼኮች ጥምር ዜግነት ይፈቅዳሉ፣ የእኛ ሕግ አይፈቅድም፤ ስለዚህ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መልቀቅ ግድ ነው። ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ እናቴም በስልክ አልቅሳብኛለች። ነገር ግን ግብር እየከፈሉ፣ ድምፅ ሳይሰጡ ማማረር ሰልችቶኛል። ቀጣዩ የምክር ቤት ምርጫ በ2029 ነው፤ እስከዚያ ወረቀቱ ካለቀልኝ ከጎረቤቴ ኋላ ተሰልፌ እመርጣለሁ። መልካም ገና!