የኮምጣጣው ዛፍ ማርማላታ

ግቢያችን ያለው የብርቱካን ዛፍ ሁለት ዕድሜ ኖሯል። በመጀመሪያው ዕድሜው ጣፋጭ ብርቱካን ይሰጠን ነበር፤ ልጅ ሳለሁ እየቀጠፍኩ እዚያው ሥሩ ተቀምጬ እበላለሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ላዩ እየጠወለገ መጥቶ ደረቀ። አባዬ ከጉልበት ዝቅ አድርጎ ቆረጠውና ጉቶውን የሚነቅልበት ቀን ሲያጣ፣ ከታች እሾሃም ቀንበጦች ወጡ። እኛም ተውናቸው። ዓመታት አልፈው ፍሬ ሲይዝ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ቀመሰ፤ የሁላችንም ፊት ተጨማደደ። ኮምጣጣ ነው፣ መራራ ነው፣ ውስጡ ዘር ብቻ ነው።

ነገሩ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ጣፋጭ ብርቱካን ብዙውን ጊዜ በራሱ ሥር አይቆምም፤ የጣፋጩ ዛፍ እምቡጥ ተወስዶ በሌላ ጠንካራ ዛፍ ግንድ ላይ ይዳቀላል። ለዚህ ሥራ ከድሮ ጀምሮ ሲመረጡ ከኖሩት አንዱ ኮምጣጣው ብርቱካን ነው። የላይኛው ሲሞት የታችኛው በራሱ ፍሬ ብቅ ይላል። የእኛ ዛፍ አልተበላሸም ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው እዚያው ነበር፣ ተራው እስኪደርስ ሌላውን ተሸክሞ።

ፍሬው ለዓመታት መሬት ላይ እየወደቀ በሰበሰ። «ይቆረጥ» ያሉ ነበሩ። አባዬ «ጥላው ይበቃኛል» እያለ አላስነካውም። እኔም ማርማላታ ለመሥራት ስነሣ መጀመሪያ ያሰብኩት ጣፋጭ ብርቱካን ስለመግዛት ነበር። ሳነብ ግን ለማርማላታ ከሁሉ የሚመረጠው ይሄው ማንም የማይበላው ኮምጣጣ ፍሬ መሆኑን አየሁ። ያን ቀን ወጥቼ ዛፉን ቆሜ አየሁት።

ስሙ ራሱ ከብርቱካን የመጣ አይደለም። ፖርቹጋሎች «ማርሜሎ» የሚሉት ኩዊንስ የተባለውን ፍሬ ነው፤ ከእሱ በስኳር የሚሠሩት ጠጣር ነገር ለቃሉ መነሻ ሆነ። ብርቱካኑ በኋላ ስሙን ወረሰ።

አሁን ወደ ሥራው። ለአንድ ኪሎ ፍሬ 2.5 ሊትር ውሃ፣ 2 ኪሎ ስኳርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ እጠቀማለሁ። ከዚህ 3 ኪሎ አካባቢ ማርማላታ ይወጣል። ስኳሩ በዛ እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ደንግጬ ነበር። ግን ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ከፍሬው ፔክቲን (ፍሬ ውስጥ ያለ፣ ፈሳሽን የሚያረጋ ነገር) እና ከአሲዱ ጋር ሆኖ የሚያረጋው፣ ሻጋታም እንዳይነካው የሚጠብቀው እሱ ነው። ልትቀንሱ ከፈለጋችሁ ትንሽ ሠርታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡና ቶሎ ብሉት።

ፍሬውን እንደበሰለ ወዲያው እቀጥፋለሁ። ዛፍ ላይ ከልክ በላይ የቆየ ፍሬ ፔክቲኑ ይቀንሳል። የራስ ግቢ ፍሬ ትልቁ ጸጋው ግን ሌላ ነው፦ ማርማላታ ልጣጩ የሚበላ ነገር ነው፤ እኔ ልጣጩን ምን እንደነካው አውቃለሁ። የተረጨበት የለም፣ ለማብረቅ የተቀባ ሰም የለም። በውሃ አሽቼ አጥባለሁ፣ በቃ።

ከዚያ ለሁለት ከፍዬ እጨምቃለሁ። ዘሩንና ከውስጥ የሚፋቀውን ነጭ ነገር አንዲት ቅንጣት ሳልጥል በስስ የጥጥ ጨርቅ እቋጥረዋለሁ። ይህን ቋጠሮ አደራ። ማርማላታውን የሚያረጋው ፔክቲን በብዛት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በዱቄት የሚሸጥ ፔክቲን ጨምሩ የሚሉ አሉ፤ ለሌላ ፍሬ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ለኮምጣጣ ብርቱካን ግን በፍጹም አያስፈልግም። ዛፉ ራሱ አብልጦ ሰጥቷል።

ልጣጩን በቢላዋ በእጄ እቆርጣለሁ፣ የክብሪት እንጨት በሚያህል ውፍረት። ረጅም ሥራ ነው። በማሽን የፈጨሁበት ጊዜ ነበር፤ የወጣው ገንፎ የመሰለ ብዥ ያለ ነገር ነው። በእጅ የተቆረጠው ግን በጠርሙሱ ውስጥ ለብርሃን ሲያዝ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይታያል። ለእኔ ያ ድካሙን ያስረሳኛል። የተቆረጠው ልጣጭ፣ ጭማቂውና ቋጠሮው ከውሃው ጋር አብረው ያድራሉ።

ጠዋት እሳት ላይ ይወጣል፤ አፈ ሰፊ በሆነ የማይዝግ ብረት ድስት፣ በዝግታ፣ ሁለት ሰዓት ያህል። አሉሚኒየም ከአሲዱ ጋር ስለማይስማማ አልጠቀምም። እዚህ ላይ እንድትታገሡ እለምናችኋለሁ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያ ዓመት ሙሉ ድስት ያበላሸሁት እዚሁ ነው። ልጣጩ «በቃ በስሏል» ብዬ ስኳሩን ጨመርኩ። ስኳር ከገባ በኋላ ልጣጭ አይለሰልስም፤ እንዲያውም ይጠነክራል። ሌላ አንድ ሰዓት ባፈላው ያው ነው፣ እንደ ቆዳ ማኘክ ሆነ። አሁን አንድ ክር አውጥቼ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ መካከል እጫነዋለሁ። እንደ ቅቤ ካልሟሸሸ ስኳሩ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ይቆያል።

ልጣጩ ሲለሰልስ ቋጠሮውን አወጣና፣ እጅ ሊችለው እስኪደርስ ቀዝቅዞ ወደ ድስቱ እጨምቀዋለሁ። ወፍራም፣ የሚንሸራተት፣ እንደ ተልባ ውሃ ያለ ነገር ይወጣል። እሱ ነው ፔክቲኑ። እስኪያልቅ ድረስ እጨምቃለሁ። ቀጥሎ የሎሚው ጭማቂና ስኳሩ ይገባሉ፤ ስኳሩ ሟሙቶ እስኪያልቅ እሳቱ ዝቅተኛ ነው፣ ከዚያ በኃይል ይንተከተካል።

የሁለተኛው ዓመት ስሕተቴ ደግሞ በቴርሞሜትሩ ነው። መጽሐፍ ሁሉ ማርማላታ የሚረጋው ከ104 እስከ 105 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው ይላል። እኔም ቁጥሩን ይዤ ጠበቅኩ፤ ማርማላታው ጠቆረ፣ የተቃጠለ ስኳር ሸተተ፣ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ማንኪያ እስኪያጣምም ጠጠረ። የመጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ወለል መሆኑን አላስተዋልኩም። ከባሕር ወለል 300 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ የእኔ ውሃ በ93 ይፈላል። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ ውሃ አፍልታችሁ ለኩ፣ በዚያ ላይ 4.5 ዲግሪ ያህል ጨምሩ። የእኔው 97.5 ላይ ነው፤ መጽሐፉ ያለውን ስጠብቅ 7 ዲግሪ አሳልፌው ነበር ማለት ነው።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ትንሽ ሳህን በረዶ ቤት አስቀምጡ። እሳቱን አጥፉና አንድ የሻይ ማንኪያ ጠብ አድርጉበት፤ ካልጠፋ እናንተ ስትፈትኑ ድስቱ ያልፍበታል። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ በጣት ገፋ ስታደርጉት ፊቱ ከተጨማደደ ደርሷል። እኔ ቴርሞሜትሩም እያለኝ ሳህኑን አልተውም፤ ይበልጥ የማምነው እሱን ነው።

ወዲያው ወደ ጠርሙስ አይገለበጥም። ሩብ ሰዓት ያህል ካላረፈ ልጣጩ ሁሉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲያርፍ ግን ፈሳሹ ወፈር ስለሚል ክሮቹ ባሉበት ይቆያሉ። አንድ ጊዜ አማስዬ፣ ምድጃ ውስጥ በሞቁ ንጹሕ ጠርሙሶች እስከ አፋቸው ሞልቼ ትኩስ እያለ እከድናለሁ።

የመጀመሪያውን የተሳካልኝን ጠርሙስ ለአባዬ ከዳቦ ጋር ወሰድኩለት። አንድ ጊዜ ጎረሰ፣ ዝም አለ፣ ደገመ። «ይሄ የኛው ነው?» አለኝ። «የጉቶው ነው አባዬ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ፍሬው መቅላት ሲጀምር የሚቆጥረው እሱ ነው። ትናንት ማታ ደውሎ «ልጄ፣ ዛሬ አርባ ሦስት ደርሰዋል፤ ስኳርሽን አዘጋጂ» አለኝ።