ለእጅ አንጓ አርትራይተስ ሕክምና ሲመረጥ ጥቅሙንና ጉዳቱን የመዘንኩበት መንገድ

መጀመሪያ ሦስት ሥራዎች ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ በር መቆለፍ፣ እርጥብ ልብስ መጭመቅ፣ በመዳፍ ተደግፎ ከወንበር መነሣት። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ የእያንዳንዱን ሕመም ከ0 እስከ 10 መዘገብኩ፤ እስከዚያ ምንም አዲስ ሕክምና አልጨመርኩም። የመገጣጠሚያ ሕመም ሲያሻው ይነሣል፣ ሲያሻው ይበርዳል። መነሻው ካልተያዘ ያሻለው መድኃኒቱ ይሁን ጊዜው አይለይም። ከዚያ በኋላም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው።

ዓይነቱን መለየት ግን ይቀድማል። የድሮ ስብራት ወይም የተበጠሰ ጅማት ያመጣው መበላት አንድ ነው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሩማቶይድ ሌላ። የሁለቱም እጅ አንጓ አብጦ ጠዋት ጠዋት ለረጅም ሰዓት ተገትሮ የሚቆይ ከሆነ ሩማቶይድ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ማስታገሻ ላይ ብቻ መቆየት መገጣጠሚያውን ማስበላት ነው፤ እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ በሽታውን የሚገታ መድኃኒት በጊዜ መጀመር አለበት። ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ መውሰድ ሊገድል ይችላል።

በትንሽ ወጪ ብዙ የሚጠቅመው የአንጓ ደጋፊ ነው። አንጓውን ቀጥ አድርጎ ወይም በጥቂቱ ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይያዝ፤ የፊት ጫፉ ጣቶች ሲታጠፉ መዳፍ ላይ ከሚታየው መሥመር በታች ይብቃ። መሥመሩን ካለፈ እጅ አይጨበጥም፣ ደጋፊውም በሦስተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የሚታሰረው ለከባድ ሥራ ነው፤ ሲያርፉ ፈትቶ አንጓውን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

የሚቀባ ማስታገሻ የሆነው 1 በመቶ የዳይክሎፌናክ ጄል መጠኑ በአንድ ጊዜ 2 ግራም፣ በቀን 4 ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ጫፍ ያህል ቀብቶ ወዲያው ይታጠብና «አልሠራልኝም» ይላል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይታጠቡ መቆየት አለበት። ጨጓራንና ኩላሊትን ይበልጥ የሚጎዳው የሚዋጠው ዓይነት ነው፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ አያስፈልግም።

የኮርቲዞን መርፌ ከሳምንታት እስከ ወራት ያሳርፋል። ስኳር ያለበት ሰው ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ከፍ ይልበታል፣ የተወጋው ቦታ ቆዳም ሊነጣ ይችላል። ከ3 ወር ባነሰ ልዩነት ባይደገም ይሻላል፤ ቀዶ ሕክምና የታሰበ ከሆነም በቅርብ መወጋት የኢንፌክሽን አደጋ ስለሚጨምር አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ነው።

ቀዶ ሕክምናው ላይ የተማርኩት ትልቁ ነገር አንዳንዱን አስቀድሞ መሞከር እንደሚቻል ነው። የሕመም ነርቭ ለማስቆረጥ ከታሰበ ሐኪሙ በነርቮቹ ዙሪያ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ማደንዘዣው ሳይለቅ ሦስቱን ሥራዎች መሥራት ነው። የሕመሙ ቁጥር ካልወረደ የቀዶውም ተስፋ ትንሽ ነው። አንጓውን ሙሉ በሙሉ በብረት ለማጋጠም ከታሰበ ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በጠንካራ ደጋፊ አስሮ መኖር ነው። ክንድ መዞሩ ስለማይቀር ቁልፍ ይዞራል፤ ከወንበር መነሣትና ንጽሕና መጠበቅ ግን ሌላ ብልሃት ይጠይቃሉ።

ነርቭ በማስቆረጥና ሙሉ በሙሉ በማጋጠም መካከል ያሉት ሁለቱ ቀዶ ሕክምናዎች እንዲህ አይሞከሩም። አንዱ፣ ሦስት ትንንሽ የአንጓ አጥንቶችን ማውጣት፣ አጥንት እስኪገጥም መጠበቅ ስለሌለበት ቶሎ ያገግማል። ሌላው፣ አራት የአንጓ አጥንቶችን እርስ በርስ ማጋጠም፣ ግን አጥንቶቹ እስኪገጥሙ ይጠበቃል፣ ሲጋራ ማጨስም ይህን ያሰናክላል። ሁለቱም የአንጓውን እንቅስቃሴ ይቀንሳሉ እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፉም።

ለሐኪም ያቀረብኩት የመጨረሻ ጥያቄ «ይሄ ባይሳካ ቀጥሎ ምን ይቀራል?» የሚል ነው። ነርቭ ማስቆረጥ ሌሎቹን በሮች አይዘጋም። ሰው ሠራሽ አንጓ ከላላ ማጋጠም ይቻላል፣ ግን አጥንቱ ስለሳሳ ሥራው ይከብዳል፤ ከባድ ዕቃ ለሚያነሣ ሰውም አይመከርም።