ትንፋሽ ያጠራት ሴሊካ

ቶዮታ ሴሊካ መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1994 ሥሪት ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ባለ ሁለት ሊትር ሞተሯ 175 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ባለፈው ክረምት ግን ከለገሃር ተነስታ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ ስትወጣ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳትደርስ ሚኒባስ ይቀድማት ጀመር። ያውም ተሳፋሪ ጠቅጥቆ የጫነ ሚኒባስ፣ ያውም ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ እያየኝ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳሉት መካኒኬ ወሰድኳት። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት ቡና የሚጋብዙ ሰው ናቸው። የዚያን ዕለት ኮፈኑንም አልከፈቱም። ሞተሩን አስነስቼ ቤንዚን እንድሰጥ አዘዙኝና መዳፋቸውን ከማርሚታው ጫፍ ኋላ ዘረጉ። «ልጄ፣ ይህች መኪና ታፍናለች» አሉ። ከሥር ገብተው ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ ማለትም ጭሱን የሚያጠራውን የብረት ሳጥን፣ በጎማ መዶሻ መታ ሲያደርጉት ውስጡ እንደ ጸናጽል ሽክሽክ አለ።

በዚያ የብረት ሳጥን ውስጥ የማር እንጀራ የሚመስል ሴራሚክ አለ። በላዩ ላይ በስሱ የተቀቡት ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ብረቶች ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ያልተቃጠለውን ነዳጅ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይለውጣሉ። የእኔው ግን ቀልጦና ተሰባብሮ መተንፈሻውን ዘግቶ ነበር። «እናውጣው?» አሉኝ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ባዶ ቧንቧ ያላት የስፖርት መኪና ስታጓራ መስማት እወዳለሁ።

ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። የጋሼ ረዳት ልጅ በግራይንደር ቆረጠ፣ በያጁ ቀጥ ያለ ቧንቧ በየደ። ኦክስጅን ሴንሰሩን ግን ጋሼ በቦታው መለሱት፤ ሞተሩ ቤንዚኑን የሚመጥነው እሱ በሚነግረው ነውና። የተቆረጠውን ሣጥን በር ላይ ለቆመ ቆራሌው በብረት ዋጋ ሰጠሁት። ፕላቲኒየም መሸጤን ያወቅሁት ማታ፣ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ስጀምር ነው።

በማግስቱ ቸርችልን በሦስተኛ ማርሽ ወጣኋት። ኃይል የጨመርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የታፈነ ጉሮሮ ነው የተከፈተላት እንጂ፣ ጤነኛ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ቢነሳ የሚገኘው ጥቂት የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ከተማችን አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ከእኔዋ 175 ውስጥ አርባ የሚሆነውን የእንጦጦ ነፋስ ወስዶታል ማለት ነው። ለዚያ ደግሞ ቧንቧ መቁረጥ መድኃኒት አይሆነውም።

ሽታው መጣ። ጎረቤታችን እማማ ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ ቡና ያፈላሉ። በአምስተኛው ቀን ረከቦቱን አንስተው ወደ ቤት አስገቡ። «አንተ ልጅ፣ ቡናዬን ቤንዚን ቤንዚን አሰኘኸው» አሉኝ። ሣቅሁ፤ በኋላ ግን ደነገጥሁ። የሚሸታቸው ያልተቃጠለው ነዳጅ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። በክረምት ከሰል ቤት አስገብቶ የተኛ ሰው የሚሞትበት ያው ጋዝ ነው። እኔም መኪናዬን የማሞቀው ከመስኮታቸው ሥር ነበር።

ተመልሼ ጋሼን «መጀመሪያውኑ ለምን ቀለጠ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አራቱንም ካንዴላ ፈቱ። አንደኛው ጠቁሮ ርሷል። እሳት ስለማይሰጥ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ወደ ማርሚታው ሲወርድ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ውስጥ እየነደደ ሴራሚኩን አቅልጦታል። እኔ የአንድ ካንዴላን ጥፋት በግራይንደር ስቀጣ ነበር።

ካንዴላዎቹን ቀየርን። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ካታሊቲክ ኮንቨርተር አገኘሁ፤ ከመግዛቴ በፊት በአንዱ ጫፍ የስልኬን መብራት አብርቼ በሌላው ጫፍ ቀዳዳዎቹን አየሁ፣ አራግፌም አዳመጥሁ። ጸናጽል የለም። እርግጥ እስኪሞቅ ድረስ አይሠራም፤ ስለዚህ ጠዋት የማስነሳው ከግቢ ውጭ ነው። ረከቦቱ ወደ ደጅ ተመልሷል።

ቀጥ ያለው ቧንቧ አልጋዬ ሥር ነው። ባለቤቴ በጠረገች ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ እኔም በጠየቀች ቁጥር «ለቆራሌው እሰጠዋለሁ» እላለሁ።