ለእማዬ የቤት ስልክ ስመርጥ

እማዬ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባች ጀምሮ የቤት ስልኳን አልተወችም። ሞባይል አላት፤ ግን ቦርሳ ውስጥ ነው የሚውለው። የማኅበር ጓደኞቿም፣ አዲስ አበባ ያሉት እህቶቿም የሚደውሉት በቤቱ ነው። ለቅሶውም ሠርጉም የሚሰማው በዚያው ነው። ስለዚህ ስልክ ከጮኸ ታነሳለች። አጭበርባሪዎችም የሚፈልጉት እንደዚህ ያለውን ሰው ነው። አንዴ ከሜዲኬር፣ ከመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ነን ይላሉ፣ አንዴ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽ ሊታገድ ነው፣ ጊፍት ካርድ ገዝተሽ ቁጥሩን አንብቢልን ይላሉ። በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚል የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም። ይህን ለእናቶቻችን ደጋግመን እንንገራቸው።

ገመድ አልባ ስልክ ሲሸጥ ካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ስንት ቁጥር ብሎክ እንደሚያደርግ ነው። አንዱ 250፣ ሌላው 1000 ይላል። እኔ ይህን ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ሌቦቹ ቁጥር ይቀያይራሉ። ስክሪኑ ላይ በሰፈራችን ኮድ፣ በ301፣ የሚጀምር ቁጥር ይወጣል፤ ደዋዩ ግን የት እንዳለ አይታወቅም። «አትደውሉልኝ» የሚለው የፌዴራል መዝገብም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አለ። ነፃ ነው፣ ተመዝገቡ። ግን የሚያስቆመው ሕግ የሚያከብረውን ነጋዴ ነው።

የሚያዋጣው ደዋዩን በር ላይ አቁሞ ማንነቱን የሚጠይቅ ስልክ ነው። የኤቲ ኤንድ ቲ ስም ባለባቸው ሞዴሎች ላይ «ስማርት ኮል ብሎከር» ይባላል። የማያውቀው ቁጥር ሲመጣ ደዋዩን ስምህን ተናገርና ፓውንድን (#) ተጫን ይለዋል። በማሽን የሚደወለው አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ሰው ከሆነ እማዬ ስሙን ሰምታ ታነሳለች ወይም ትተወዋለች። መስመሩ ኮለር አይዲ፣ ማለትም የደዋዩን ቁጥር የሚያሳየው አገልግሎት፣ ከሌለው ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ የስልክ ኩባንያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለእኛ ቤት ዋናው ችግር ሌላ ነው። ስልኩ የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ያንን ድምፅ ከሰማች ወዲያው ትዘጋለች። መፍትሔው ቁጥሯን ስልኩ ላይ መመዝገብ ነው፤ የተመዘገበ ሰው ሳይጠየቅ ያልፋል። በእጅ ባትጽፉት ይሻላል። ከኢትዮጵያ ሲደወል ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ አንዳንዴ በኢትዮጵያ ኮድ በ251፣ አንዳንዴ ከአሜሪካ ወደ ውጭ ሲደወል በሚቀድመው በ011 ጀምሮ ይወጣል፤ አንድ አሃዝ ከተዛባ ስልኩ አያውቃትም። እኔ አክስቴን ደውይ አልኳትና ከገቢ ጥሪው ዝርዝር ላይ እንዳለ አስቀመጥኩት። ፋርማሲውንና ክሊኒኩንም አትርሱ። መድኃኒት ደርሷል ብሎ የሚደውለው ማሽን ስለሆነ ስሙን መናገር አይችልም።

የቀረው ቀላል ነው። የስልክ ገመድ የሚያስፈልገው ዋናው ማስቀመጫ ብቻ ነው። ማድ ቤትና መኝታ ቤት የሚቀመጡት ተጨማሪ ስልኮች የመብራት ሶኬት ይበቃቸዋል። መብራት ሲጠፋ ግን ማስቀመጫው ስለሚሞት ባለገመዱን አሮጌ ስልክ አትጣሉት። መስመራችሁ በኢንተርኔት ሞደም በኩል የሚመጣ ከሆነ ግን ሞደሙም መጠባበቂያ ባትሪ ይፈልጋል።