ፍላሽ ይዛችሁ ኑ

ስልጠና ሲባል እኛ አገር መጀመሪያ የሚታየን ባነር ነው። ቀጥሎ የታሸገ ውሃ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ማለቂያ የሌለው ስላይድ። መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬትና የጋራ ፎቶ። ስለ ዲጂታል ክምችት አያያዝ እንዲህ ያለ ስልጠና ተቀምጬ አውቃለሁ። አሰልጣኙ ጎበዝ ነበር። ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አንድም ፋይል ሳይነካ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እድራችን አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የምንሠራው ሌላ ነው። ባነር የለም፣ አበል የለም፣ ቡና አለ። ባዶ እጅ መምጣት ግን ክልክል ነው። ፍላሽ፣ ሲዲ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ፣ ያላችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። የራሳችሁን ፋይል፣ በራሳችሁ እጅ፣ ጎረቤታችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ ትሠራላችሁ።

እኔ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ከዚያ በፊት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ደብዳቤና ማመልከቻ ስተይብ ነው የኖርኩት። የእድራችን አባላት አብዛኞቹ ከመሃል ከተማ ተነሥተው የመጡ ናቸው። የድሮው ሰፈር ፈርሷል። የሰፈሩ ሠርግ፣ የጥምቀቱ ጭፈራ፣ የእድሩ የመጀመሪያ መተዳደሪያ ደንብ ያሉት እንግዲህ በየኪሱና በየመሳቢያው ባሉ ፍላሾች ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቫይረስ ማባረር ነው። ብዙው ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይታያሉ። ሰው ደንግጦ "ጠፋብኝ!" ይላል። አልጠፋም። ቫይረሱ ዋናውን ደብቆ በቦታው የውሸት ሾርትከት ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰካው በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባል ሲስተም የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። ለዊንዶውስ የተሠራው ቫይረስ እዚያ አይነሣም፣ የተደበቀው ፎልደርም ቁጭ ብሎ ይታያል። ኮምፒውተሩ "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ሲጠይቃችሁ እምቢ በሉ፤ ያለውን ላጥፋው ማለቱ ነው። ይህን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ቅዳሜው አልባከነበትም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብን የመተዳደሪያ ደንቡ ነው። ፋይሉ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ሆኖ ወጣ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እዚህ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው። አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ደንቡም የለም። በየቀበሌው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት፣ በየእድሩ እንዲህ ያለ ሰነድ ስንት እንዳለ ሳስበው ይጨንቀኛል።

ለዚህ መላ ያገኙለት የቀድሞው ጸሐፊያችን ናቸው። "ጋሼ፣ በምን ነበር የጻፉት?" ስላቸው ትንሽ አሰቡና "ፓወር ግዕዝ ነበር መሰለኝ" አሉ። ፎንቱን ፈልገን ጫንን። መጀመሪያ መልኩ እንዳለ እንዲቀር በፒዲኤፍ አስቀመጥነው። ከዚያ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ለወጥነው። መለወጫው አንዳንድ ፊደል ይበላል፤ ስለዚህ ማረም የሰው ሥራ ነው። ጋሼ ከታተመው ወረቀት ጮክ ብለው ያነባሉ፣ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከስክሪኑ ትከታተላለች። "አንቀጽ አራት ላይ ይቁሙልኝ ጋሼ፣ እዚህ 'ወራዊ መዋጮ' ይላል።" "'ወርሃዊ' ነው ልጄ፣ አስተካክዪው።" ማሽኑ ያጠፋውን እናስተካክላለን። ጋሼ ድሮ ራሳቸው የተሳሳቱትን ግን አንነካም፤ ሰነድ ነዋ።

ፎቶ ላይ ስንደርስ ጠቡ የቀን ነው። አንዱ ፎልደር "2000" ይላል። በእኛ ነው በፈረንጅ? ግማሹ እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ አለ። በኋላ አንዱ ፎቶ ላይ የሚሌኒየም ቲሸርት የለበሰ ልጅ ተገኘና ክርክሩ አበቃ። የካሜራውን ቀን ማመን አይቻልም፤ ሰዓቱን ማንም አስተካክሎት አያውቅም። አሁን የፋይሉ ስም ላይ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በቁጥር እናስቀድምና "ዓም" ወይም "እኤአ" እንጨምራለን። ዝርዝሩን የያዘው ኤክሴል ግን ጳጉሜን አያውቃትም። አሥራ ሦስተኛ ወር ስንሰጠው ቀን ነው ብሎ አይቀበልም። ስለዚህ ያንን ዓምድ ቀን ሳይሆን ተራ ጽሑፍ አድርገነዋል።

ስም መሙላት የእናቶች ሥራ ነው። ድንኳኑ ጥግ የቆመችው የማን ልጅ እንደሆነች ከእነሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጅ እያለሁ ፎቶ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍበት ነበር። ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ጀርባ የለውም። አንዲት እናት የባለቤታቸውን ለቅሶ ቪዲዮ አመጡና "ይቀመጥልኝ፣ ግን ማንም እንዳያየው" አሉ። ለእንዲህ ያለው ለብቻው ፎልደር አለን። ማቆየትና ማሳየት አንድ አይደሉም።

ቅጂው ሦስት ነው። ሁለቱ እዚሁ፣ በተለያየ ዕቃ ላይ። ሦስተኛው ሌላ ቦታ መሆን አለበት። እዚህ ላይ መበተናችን ጠቀመን፤ የድሮው ሰፈር ሰው አያትም አለ፣ የካ አባዶም አለ። አንዱ ሃርድ ዲስክ አያት ነው የሚያድረው። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም ማንሣት ሲጀመር፣ ፊልሙ አዲስ አበባም አሜሪካ ሚኔሶታም እንዲቀመጥ ተደርጓል።

ኮፒ እየተደረገ መብራት መጥፋቱ የታወቀ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ፋይሉ በስሙ ቁጭ ብሏል፣ ውስጡ ግን ግማሽ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የፋይሉን አሻራ እናወጣለን። ሻ 256 የሚባለው ስሌት ለእያንዳንዱ ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ይሰጣል። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል። የዋናውና የቅጂው አሻራ ካልገጠመ እንደገና ኮፒ ማድረግ ነው። ወጣቶቹ ይህን ሥራ ይወዱታል፣ ትልልቆቹ ያዛጋሉ።

ስለ ቴሌግራም ደጋግማችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ ቻናላችን ማያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ፎቶ እንዲሁ ስትልኩት ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። ለኛ ስትልኩ "ፋይል" የሚለውን ምረጡ።

የቀረን የቪኤችኤስ ካሴቶቹ ናቸው። ወደ ኮምፒውተር ማስገቢያው አለን፣ ቴክኒሻንም አለን። የሚሠራ ዴክ ያለው ጎረቤት ካለ ለአንድ ቅዳሜ ያውሰን። መልሰን እናደርሳለን፣ ሄዱን አጽድተን።